ባሕር አይቼ ሳላውቅ የባሕር ላይ ተርባይን ጠጋኝ መሆን እችላለሁ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ዕድሜዬ 24 ነው። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ከእናቴና ከታናሽ ወንድሜ ጋር ነው። በኤሌክትሮ መካኒክስ በደረጃ 4 ተመርቄ የሲኦሲ (የሙያ ብቃት) ምዘናውን አልፌያለሁ። ገላን በሚገኝ ፋብሪካ ጥገና ክፍል መሥራት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ሞተር፣ ኮንቬየርና ኮምፕሬሰር እጠግናለሁ። በቅርቡ አንድ ማሠልጠኛ «በ10 ቀን የባሕር ላይ የነፋስ ተርባይን ቴክኒሻን ይሁኑ፤ በኖርዌይና በጀርመን ሥራ እናመቻቻለን» የሚል ማስታወቂያ ለጥፎ አየሁና ሄጄ ጠየቅኩ። ክፍያው 180 ሺህ ብር ነው፤ ግማሹ ለሥልጠና፣ ግማሹ «ለፕሮሰስ» ነው አሉኝ። እናቴ በሚቀጥለው ወር እቁብ ይደርሳታል፤ «ልስጥሽ» ብላኛለች። እኔ ግን ባሕር አይቼ አላውቅም፤ መዋኘትም አልችልም። ከፍታ አልፈራም። ልክፈል ወይስ ልተወው? ሥራውስ ለሴት ይሆናል? የማስታወቂያውን ፎቶ አያይዤ ልኬያለሁ።
ትዕግሥት ነኝ (ስሜ ተቀይሯል)፣ ከቱሉ ዲምቱ

መልስ፦ ትዕግሥት ልጄ፣ አትክፈዪ። የእቁቡ ቀን እየቀረበ ስለሆነ ይህን አስቀድሜያለሁ፤ ምክንያቱን ረጋ ብለን እንመለከተዋለን። ምኞትሽን ግን አልነቅፍም። ሥራው በእውነት አለ፤ እንዳንቺ ያለ ሰውም ይፈልጋል። እነዚህ ሰዎች ለአንቺ ያቀረቡልሽ ከመጨረሻው ጀምሮ ነው።

የላክሽውን ፎቶ አጉልቼ አየሁት። ሰውየው ተርባይኑ ጣሪያ ላይ ቆሞ እጆቹን እንደ ንስር ዘርግቷል። የደኅንነት መታጠቂያ ለብሷል፤ የገመዱ ሁለት መንጠቆዎች ግን ወገቡ ላይ ተንጠልጥለዋል እንጂ የትም አልተያያዙም። በዚህ ሙያ ከጣሪያው በር ራስሽን ከማውጣትሽ በፊት መንጠቆሽ ጠንካራ ቦታ ላይ መያያዝ አለበት። ስትንቀሳቀሺም ሁለተኛው ሳይያዝ የመጀመሪያው አይፈታም። ፎቶውን የመረጠው ሰው ይህን አላየም። አሠልጣኙስ ያየው ይሆን?

አሁን ወደ ወረቀቱ። አሠሪዎች የሚጠይቁት የደኅንነት ሥልጠና በዘፈቀደ የሚሰጥ አይደለም። ደረጃውን የሚያወጣው ግሎባል ዊንድ ኦርጋናይዜሽን ይባላል፤ በአጭሩ ጂ.ደብሊው.ኦ.። የተርባይን አምራቾችና የነፋስ ኃይል ማመንጫ ባለቤቶች እ.ኤ.አ. በ2012 ያቋቋሙት ድርጅት ነው። መሠረታዊ የደኅንነት ሥልጠናው አምስት ክፍሎች አሉት፤ የመጀመሪያ እርዳታ፣ የሸክም አያያዝ፣ የእሳት አደጋ መከላከል፣ በከፍታ ላይ መሥራትና በባሕር ላይ ሕይወትን ማትረፍ። የመጨረሻው የሚያስፈልገው ባሕር ላይ ለሚሠራ ሰው ብቻ ነው። አምስቱ ተደምረው ከአንድ ሳምንት ብዙም አይዘሉም። ስለዚህ «10 ቀን» ማለታቸው በራሱ ውሸት አይደለም። ያልነገሩሽ ነገር ወረቀቱ የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ብቻ መሆኑን ነው። ጊዜው ሳያልፍ የማደሻ ሥልጠና ካልወሰድሽ እንደገና ከሀ ትጀምሪያለሽ። ዛሬ ከፍለሽ ሠለጠንሽ እንበል። የሙያ ማስረጃሽ በውጭ አገር እውቅና እስኪያገኝ፣ ቀጣሪ እስኪገኝ፣ ቪዛ እስኪመጣ ሁለት ዓመት ቢያልፍ ወረቀቱ አንድ ቀን እንኳ ሳያገለግል ይሞታል። ደግሞም ብዙ አሠሪዎች ይህን ሥልጠና የቀጠሩትን ሰው ራሳቸው ከፍለው ያስወስዱታል።

የባሕሩ ክፍል ደግሞ በፕሮጀክተር የሚሰጥ ትምህርት አይደለም። ውኃ የማያስገባ ወፍራም ልብስ ለብሰሽ ከከፍታ ወደ ገንዳ ትዘያለሽ። የተገለበጠ የነፍስ አድን ጀልባ ታቃኚያለሽ፤ ራሱን የሳተ ሰው እየጎተትሽ ታወጫለሽ፤ ከጀልባ ወደ መሰላል መሻገርን ትለማመጃለሽ። በሄሊኮፕተር የሚጓዝ ሠራተኛ ከሆንሽማ ውኃ ውስጥ ከተገለበጠ ሄሊኮፕተር አምልጦ መውጣትን ለብቻው ትማሪያለሽ። ገንዳ የሌለው ማሠልጠኛ ከዚህ አንዱንም ሊያስተምርሽ አይችልም። ውጤቱም ማኅተም በተመታበት ወረቀት አይረጋገጥም። ሠልጣኙ ዊንዳ በተባለው የመረጃ ቋት የራሱ መለያ ቁጥር ይኖረዋል፤ እውቅና ያለው ማሠልጠኛ ውጤቱን እዚያ ይመዘግባል፤ አሠሪውም የሚያየው እሱን ነው። እውቅና ያላቸው ማሠልጠኛዎች ዝርዝር በድርጅቱ ድረ ገጽ ለማንም ክፍት ነው። በስልክሽ አምስት ደቂቃ አይፈጅብሽም።

ይህን ያህል ስለ ወረቀቱ ካልኩ ይበቃል። ሥራውስ ምንድን ነው? ማስታወቂያዎቹ ባሕሩን እያሳዩ ሙያውን ይደብቃሉ። ቴክኒሻኑ ጠዋት በትንሽ ጀልባ ይወጣል፤ ጀልባው በተርባይኑ እግር ላይ ካለው የብረት መደገፊያ አፍንጫውን አስጠግቶ በሞተር ኃይል እየገፋ ይቆማል፤ ሰውየው ወደ መሰላሉ ይሻገራል። ማዕበሉ ከአንድ ሜትር ተኩል ገደማ ካለፈ ጀልባው አይወጣም፤ የዚያ ቀን ሥራ ቀረ ማለት ነው። ከባሕር ዳርቻ በራቁ ማመንጫዎች ሠራተኞች ትልቅ መርከብ ላይ እያደሩ ሁለት ሳምንት ይሠሩና ሁለት ሳምንት ያርፋሉ። በሩ ከኋላሽ ከተዘጋ በኋላ ግን ያለሽው ማሽን ክፍል ውስጥ ነው። ብዙ ጊዜ 690 ቮልት የሚያመነጭ ጀነሬተር፣ ወደ 33 ወይም 66 ሺህ ቮልት ከፍ የሚያደርግ ትራንስፎርመር፣ በአንዳንዶቹም ጊርቦክስ፣ የዘይት ፓምፕ፣ ኩሽኔታ፣ ግራሶ፣ ኮንታክተር የሞላበት የኤሌክትሪክ ሣጥን። ከዚህ ውስጥ ስንቱን ገላን ነክተሽዋል?

እስቲ ሰኞ ሥራ ስትገቢ ራስሽን ፈትኚ። ኮንቬየሩ ተበላሽቷል፤ ብሬከሩን አወረድሽ። የራስሽን ቁልፍ፣ ስምሽ የተጻፈበትን ካርድ ብሬከሩ ላይ አንጠለጠልሽ? ወይስ ኦፕሬተሩን «አደራ እንዳታስነሳ» ብለሽው ወደ ሞተሩ ሄድሽ? ቴስተርሽን መጀመሪያ ኃይል እንዳለበት በምታውቂው መስመር ላይ ሞከርሽ፤ ቀጥሎ የዘጋሽውን መስመር ለካሽ፤ ከዚያስ ተመልሰሽ ቴስተሩን በዚያው በመጀመሪያው መስመር ላይ ደግመሽ ሞከርሽ? ሦስተኛዋን እርምጃ አብዛኛው ሰው ይዘላታል። በሁለተኛው ልኬት ላይ ባትሪው ቢሞት ወይም ገመዱ ቢበጠስ ቴስተሩ «ኃይል የለም» ይልሻል፤ እጅሽን ታስገቢያለሽ። የውጭ አሠሪ በቃለ መጠይቅ ከሚያነሳቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው። መልሱን በልምድ እንጂ በቃል አታጠኚውም። ፋብሪካችሁ የሞተር ፍጥነት የሚቆጣጠር ኢንቨርተር ካለው ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ኃይሉ ከተቋረጠ በኋላም ለደቂቃዎች ቻርጅ ይዘው እንደሚቆዩ ታውቂያለሽ። የተርባይኑ ኮንቨርተር ያው ነው፤ መጠኑ ብቻ ነው የሚበልጠው።

ስለ ሃይድሮሊክ፣ ማለትም በዘይት ግፊት ስለሚሠራ ማሽን፣ አልጻፍሽልኝም፤ እዚህ ላይ ሳትጎድዪ አትቀሪም። በብዙ ተርባይኖች ክንፉን ነፋሱ እንዳይገፋው የሚያዞረው የዘይት ግፊት ነው። ኤሌክትሪክ ቢጠፋም ክንፉ ዞሮ ማሽኑ መቆም ስላለበት፣ በናይትሮጂን የታፈነ የግፊት ማከማቻ ይኖረዋል። ፓምፑ ቆመ ማለት ግፊቱ ሞተ ማለት አይደለም። ግፊቱን አውጥተሽ በግፊት መለኪያው ላይ ዜሮ ሳታዪ አንድ ዳዶ እንኳ አትፈቺም። ቱቦው ላይ ያለው ቀዳዳ የመርፌ ጫፍ ቢያህልም በእጅሽ አትፈልጊው፤ የሚወጣው ዘይት ቆዳሽን በስቶ ይገባል፤ ቁስሉ ቀላል መስሎ ጣት ያስቆርጣል። ካርቶን ይዘሽ ነው የምትፈልጊው። ፋብሪካችሁ ውስጥ ፎርክሊፍትም ሆነ ፕሬስ የሚጠግን ሰው ካለ አጠገቡ ቁሚ፤ ዕቃ አቀብዪው፤ ጠይቂው።

ብሎን ማጥበቅ ሙያ ነው ብልሽ ትስቂ ይሆናል። ያው ጂ.ደብሊው.ኦ. ያወጣው መሠረታዊ የቴክኒክ ሥልጠና ሜካኒካል፣ ኤሌክትሪክና ሃይድሮሊክ ብሎ ሲከፍል ብሎን ማጥበቅን ራሱን የቻለ ክፍል አድርጎታል። የተርባይኑ ምሰሶ ተቆራርጦ የመጣ ቧንቧ ነው፤ ቁርጥራጩን የሚያያይዘው በዙሪያው የተደረደረ የብሎን ቀለበት ነው። አንዱ ከላላ ጎረቤቱ ጫናውን ይሸከማል፤ እሱም ይደክማል። ስለዚህ «ጥሩ አድርጌ ጠምዝዤዋለሁ» የሚባል ነገር የለም። ልኬቱ የተረጋገጠ ቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ ቁልፍ)፣ የታዘዘው ቁጥር፣ የታዘዘው ቅደም ተከተል፣ መጨረሻ ላይም ከብሎኑ እስከ ዳዶው በማርከር የተሰመረ መስመር። በሚቀጥለው ጉብኝት መስመሩ ከተሰበረ ዳዶው ተንቀሳቅሷል። ይህን ነገ ገላን ኮምፕሬሰር ላይ መጀመር ትችያለሽ፤ ማርከር ርካሽ ነው። ደስ የሚለው ነገር ይህ የቴክኒክ ሥልጠና እንደ ደኅንነቱ በሁለት ዓመት ጊዜው አያልፍበትም።

ሌላው የጽሑፍ ሥራ ነው፤ ወጣት ቴክኒሻኖች ይንቁታል። የሠራሽውን፣ የለካሽውን፣ የተውሽውን በእንግሊዝኛ በአጭሩ መጻፍ ሥራው ራሱ ነው። ከጀልባ ላይ «ካቻቢቴ ረሳሁ» ብለሽ የምትመለሺበት መንገድ ስለሌለ ከመሄድሽ በፊት ቀድሞ የሄደው ሰው የጻፈውን ሪፖርት አንብበሽ ዕቃሽን ትቆጥሪያለሽ። የእሱ ሪፖርት ጎደሎ ከሆነ ቀንሽ ይባክናል። ከዛሬ ጀምሮ የምትጠግኚውን ሁሉ በደብተር መዝግቢ። ቀን፣ ማሽን፣ ብልሽት፣ ምክንያት፣ የተለካ ቁጥር፣ የተቀየረ ዕቃ። ከዓመት በኋላ ያ ደብተር ከየትኛውም የ10 ቀን ሰርተፊኬት የበለጠ ይናገርልሻል።

ቀጥሎ ወዴት? አገራችን ባሕር የላትም፤ ነፋስ ግን አላት። ከሰፈርሽ የክፍያ መንገዱን ይዘሽ ወደ አዳማ ስትቃረቢ ኮረብታው ላይ የሚሽከረከሩት አዳማ 1 እና አዳማ 2 ናቸው። የመጀመሪያው 34፣ ሁለተኛው 102 ተርባይኖች አሉት፤ እያንዳንዳቸው 1.5 ሜጋዋት ናቸው። መቀሌ አጠገብ አሸጎዳ የተሠራው በ84 ተርባይኖች 120 ሜጋዋት እንዲያመነጭ ነው። በአርሲ ኢተያ አካባቢ ያለው የአሰላ ማመንጫ ደግሞ በ29 ተርባይን ብቻ 100 ሜጋዋት ነው። ልዩነቱን አየሽ? የኋለኞቹ እጅግ ግዙፍ ናቸው፤ አምራቹም ባሕር ላይ ስሙ የታወቀው ሲመንስ ጋሜሳ ነው። ባሕር ላይ ከሚሠሩ ቴክኒሻኖች ብዙዎቹ የብስ ላይ የጀመሩ ናቸው። ማሽኑ አንድ ዓይነት ነው፤ ባሕሩ ጨውን፣ ዝገትንና የጉዞውን ፈተና ይጨምርበታል።

እነዚህን የሚያስተዳድረው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ነው። ሰው ቆጣሪ ከሚያስገባው ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ጋር ያምታታዋል፤ ማመልከቻሽ የተሳሳተ ቢሮ እንዳይገባ። የሥራ ማስታወቂያቸውን ተከታተዪ፤ ለቴክኒሻን ሲያወጡ ተወዳደሪ። በብዛት እንደማይቀጥሩ ግን አልደብቅሽም። እስከዚያው ሌላ በር አለ፤ ማንም የማያስበው። ከተማችን በየቀኑ ሕንጻ ይበቅልባታል፤ ረጃጅሞቹ ሊፍት አላቸው። የሊፍት ጥገና ከፍታ፣ ኃይል አቋርጦና ቆልፎ መሥራት፣ ሞተር፣ ፍሬን፣ ኮንትሮለር፣ የሰው ሕይወት ኃላፊነት ያለበት ሥራ ነው። ሁለት ዓመት በሊፍት ድርጅት የሠራ ሰው ተርባይን ሲገባ ግር አይለውም። እኔ በቦታሽ ብሆን እዚያ አመለክት ነበር።

«ፕሮሰስ» ስላሉት 90 ሺህ ብር ሕጉን ልንገርሽ። የውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 እና ማሻሻያው 1246/2013 አሉ። በአዋጁ መሠረት ቪዛውን፣ የደርሶ መልስ ትኬቱን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱን፣ ኢንሹራንሱን የሚከፍለው አሠሪው ነው። ሠራተኛው የሚሸፍነው ፓስፖርቱን፣ የሕክምና ምርመራውን፣ ክትባቱን፣ የልደትና ከወንጀል ነፃ የመሆን ማስረጃውን የመሳሰሉትን ነው። ሠራተኛ ወደ ውጭ የሚልክ ኤጀንሲም ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ፈቃድ ይኖረዋል። ማሠልጠኛ ስለሆነ ብቻ ሰው መላክ አይችልም። ፈቃዱን አሳዩኝ በያቸው፤ ሲቆጡ ካየሽ መልሱን አገኘሽ።

ስለ አገሮቹም አንድ ነገር። ኖርዌይ በባሕር ላይ የምትታወቀው በነዳጅ ነው። ትልቁ የባሕር ላይ ነፋስ ማመንጫዋ ሃይዊንድ ታምፐን ተንሳፋፊ ሆኖ 11 ተርባይኖች አሉት፤ 88 ሜጋዋት ነው፤ ኃይሉም ለነዳጅ መድረኮች ይውላል። ለእነዚህ 11 ማሽኖች ከአዲስ አበባ ሰው ይጠራሉ ማለት ይከብደኛል። ሥራው በብዛት ያለው ቻይና፣ እንግሊዝ፣ ጀርመን፣ ኔዘርላንድስና ዴንማርክ ነው። ጀርመን ውስጥ ሜካትሮኒክስ (ሜካኒክስንና ኤሌክትሮኒክስን በአንድ ላይ) የሚማር ወጣት ትምህርት ቤትና ፋብሪካ እየተመላለሰ ሦስት ዓመት ተኩል ይሠለጥናል። የአንቺ ደረጃ 4 ከዚያ ጋር ተመዝኖ ነው እውቅና የሚያገኘው። ወደ ጀርመን ማሰብሽ እውነት ከሆነ ቋንቋውን አሁኑኑ ጀምሪ፤ ቋንቋ ጊዜው አያልፍበትም።

መዋኘት አለመቻልሽስ? ሥልጠናው ዋናተኛ አያደርግሽም፤ ተንሳፋፊ ልብስ ለብሰሽ መረጋጋትን ነው የሚፈልገው። ይሁን እንጂ ፊቱ ውኃ ሲነካው የሚደነግጥ ሰው ይሰቃያል። መምህር ባለበት መዋኛ ገንዳ ጥቂት ወራት ተማሪ፤ ሐይቅ ውስጥ ብቻሽን እንዳትሞክሪው። የባሕር ሕመም ግን ሌላ ነው፤ ጎበዝ ዋናተኛን ያስመልሳል፤ ከጀልባ ላይ ሳትሆኚ አታውቂውም።

ለሴት ይሆናል ወይ ላልሽው፣ ሴቶች ይሠሩታል። ከባድ ዕቃ የሚነሳው በክሬን ነው። መሰላሉ ግን ሊፍቱ በተበላሸ ቀን ከ100 ሜትር በላይ ሊሆን ይችላልና ጉልበትሽና ትንፋሽሽ ይፈተናል፤ የሕክምና ምርመራውም ልብን፣ ዓይንን፣ ጆሮን፣ የአካል ብቃትን ያያል። ማንም የማይነግርሽን ልንገርሽ፤ አብዛኛው ተርባይን ውስጥ መጸዳጃ ቤት የለም። መታጠቂያውና ልብሱም ለወንድ ቁመና የተሰፋ እንዳይሆንብሽ፣ በልክሽ እንዲሰጡሽ ያለ ኀፍረት ጠይቂ። ልኩ ያልሆነ መታጠቂያ ለብሶ መውጣት አደጋ ነው።

ስለ እቁቡ፣ ለእናትሽ ይህን ደብዳቤ አንብቢላቸው። ከገንዘቡ ላይ ጥሩ መልቲሜትር ግዢ፤ ርካሹ አይሁን፤ ሕይወትሽን አምነሽ የምትሰጪው ዕቃ ነው። በመንግሥት ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ በማታው ወይም በቅዳሜና እሑዱ መርሐ ግብር ሃይድሮሊክና ፒ.ኤል.ሲ. (ማሽን የሚቆጣጠር ኮምፒውተር) የሚሰጡ ከሆነ ተመዝገቢ። የመዋኛውንና የቋንቋውን ክፈዪ። መንጃ ፈቃድ ከሌለሽ አውጪ፤ የተርባይን ቡድን የብስም ላይ ቢሆን መኪና ይዞ ነው የሚዞረው። ይህ ሁሉ ተደምሮ 180 ሺህ አይደርስም ብዬ እገምታለሁ፤ የተረፈው የእናትሽ ይሁን።

ማሠልጠኛው መልሶ ቢደውልልሽ ሁለት ነገር በጽሑፍ እንዲልኩልሽ ጠይቂ። የመዋኛ ገንዳው አድራሻ የት እንደሆነ፣ ድርጅቱም በጂ.ደብሊው.ኦ. ዝርዝር ላይ በየትኛው ስም እንደሚገኝ። ከላኩልሽ አስተላልፊልኝ፤ በዚሁ ዓምድ አወጣዋለሁ።